ፎስፈረስ፣ ማሳና ኩሬ፦ በሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሰሜን ሸዋ ስመ ጥር ሐይቅ የለም። የመስኖ ግድብ፣ የጎርፍ ማቆሪያ ኩሬና ከብት የሚጠጣበት ረግረግ ግን በየወረዳው ይገኛል። ውሃው አረንጓዴ ሲለብስም ከአርሶ አደሩ፣ ከተማሪውና ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው የሚነሡት ጥያቄዎች ተቀራራቢ ናቸው። መልሶቹ በፎስፈረስ ላይ ያተኩራሉ፤ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚቋጠረውም የሚፈታውም እዚያ ላይ ስለሆነ ነው።

ውሃው ለምን ክረምት ካለፈ በኋላ አረንጓዴ ይለብሳል?

አረንጓዴው ቀለም አንድ በአንድ በዓይን የማይለዩ ዋቅላሚዎች፣ ብዙዎች አልጌ የሚሏቸው፣ ሲበዙ የሚታይ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጎርፉ ያመጣው ደለል ውሃውን ስለሚያደፈርሰው ብርሃን ጠልቆ አይገባም፤ ዋቅላሚው ምግቡ ተሟልቶለት ፀሐይ ብቻ ይጠብቃል። መስከረም ጠብቶ ደለሉ ሲዘቅጥ ፀሐይዋ ትገባለች። ስለዚህ ጥቅምት ላይ የሚታየው አረንጓዴ ምግቡን ያገኘው በአብዛኛው ከሐምሌ ጎርፍ ነው። ሰው ግን የሚጠረጥረው በዚያው ሳምንት ኩሬው ዳር ልብስ ያጠበችውን ጎረቤት ነው።

ከብዙው ንጥረ ነገር መካከል ፎስፈረስ ለምን ተለይቶ ይከሰሳል?

ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ የሚያድገው በጣም ባነሰው ግብዓት ልክ ነው። ብቅሉ ለሦስት ጋን ቢበቃ፣ ጌሾው ግን ለአንድ ጋን ብቻ ቢሆን፣ የሚጠመቀው ጠላ አንድ ጋን ነው። በብዙ ሐይቆች ውስጥ ያ የሚያጥረው ግብዓት ፎስፈረስ ነው።

አሜሪካዊው የውቅያኖስ ተመራማሪ አልፍሬድ ሬድፊልድ እንዳሳየው፣ በባሕር ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕዋሳት በአማካይ ለ1 የፎስፈረስ አቶም 16 የናይትሮጅንና 106 የካርቦን አቶም ይይዛሉ። በክብደት ሲሰላ 1 ግራም ፎስፈረስ 7 ግራም ያህል ናይትሮጅንና 41 ግራም ያህል ካርቦን ያስከትላል ማለት ነው። ካርቦኑ ከአየር ይገባል። ናይትሮጅንም ቢሆን አንዳንድ ሳይኖባክቴሪያዎች፣ እንደ ዋቅላሚ በብርሃን የሚያድጉ ባክቴሪያዎች፣ ከአየር ወስደው ይጠቀሙበታል። ፎስፈረስ ግን በአየር ውስጥ ይህ ነው የሚባል ክምችት የለውም፤ የሚመጣው ከዓለት፣ ከአፈር፣ ከእበትና ከማዳበሪያ ነው። ስለዚህ ፎስፈረስ ሲጨመር የቀረው ራሱ ይከተላል።

ይህ በመላ ምት የቀረ ሐሳብ አይደለም። በካናዳ ኦንታሪዮ ለምርምር በተከለሉ ሐይቆች ላይ ዴቪድ ሺንድለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ‹ሐይቅ 226› የሚባለውን ወገቡ ላይ በመጋረጃ ለሁለት ከፈሉት። በአንዱ ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን ጨመሩ፤ በሌላው ወገን እነዚሁን ከፎስፈረስ ጋር። ፎስፈረስ የተጨመረበት ግማሽ አረንጓዴ ለበሰ፣ ሌላው እንደነበረ ቀረ። በዚያው አካባቢ በሚገኘው ‹ሐይቅ 227› ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ናይትሮጅን መጨመሩ ተቋርጦ ፎስፈረስ ብቻ ሲጨመር ቆየ፤ ዋቅላሚው ግን መፍላቱን አልተወም።

የካናዳው ውጤት በእኛ አገር ውሃዎችም ይሠራል?

በከፊል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በሞቃት አገር ሐይቆች ናይትሮጅን ወይም ብርሃን ቀድሞ የሚያጥርበት ጊዜ ብዙ ነው። ጣና ደለል የሚበዛበት ጥልቀት የሌለው ሐይቅ በመሆኑ፣ በደፈረሰ ጊዜ ዋቅላሚውን የሚገታው የብርሃን እጥረት ነው። በቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ውሃው ሶዳ ነው፤ በእንዲህ ያለ ውሃ ካርቦኔት ካልሲየሙን ይዞ ስለሚዘቅጥ ፎስፌቱን፣ ማለትም ፎስፈረስ በውሃና በአፈር የሚገኝበትን ጨው፣ የሚያስር ካልሲየም አይተርፍም፣ ፎስፌቱም ተሟሙቶ ይከማቻል። ስሙን ያገኘበት ስፒሩሊና የሚባል አረንጓዴ ሳይኖባክቴሪያ እንደ ልብ የሚፈላው በዚያ ነው። እንዲህ ባለ ሐይቅ ፎስፈረስ ቀንሱ ብሎ መምከር ትርጉም የለውም።

የደጋው ኩሬ ግን ሶዳ አይደለም። ናይትሮጅን የሚያጥርበት ወቅት ቢኖርም እንኳ ሰው ሊቆጣጠረው የሚችለው ፎስፈረስን ነው፤ ከአየር የሚመጣውን ናይትሮጅን ማን ያግደዋል?

ማሳችን ፎስፈረስ አጥሮት ማዳበሪያ እየገዛን ኩሬው እንዴት ይተርፈዋል?

ከሁሉ የበለጠ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

የደጋው አፈር ፎስፈረስ የለውም ማለት ስሕተት ነው፤ አለው፣ ግን አይለቅም። ከእሳተ ገሞራ ዓለት የወጣ ብረትና አሉሚኒየም የበዛበት አፈር፣ በተለይ አሲዳማ ሲሆን፣ ፎስፌቱን ጨብጦ ይይዘዋል። ኖራ ሲነሰነስ ሰብሉ የሚያምርበት አንዱ ምክንያት ይህ ጭብጥ ስለሚላላ ነው። ከተጨመረው ማዳበሪያም ሰብሉ በዚያው ዓመት የሚወስደው ጥቂቱን ነው፤ የቀረው ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል።

ከአፈሩ ጋር የተጣበቀ ነገር ደግሞ አፈሩ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። አንድ ቶን የእርሻ አፈር በተለምዶ ግማሽ ኪሎ ያህል ፎስፈረስ ይይዛል። ጎርፍ መጀመሪያ የሚያነሣው ደቃቁንና ለምነት ያለውን የላይኛውን ክፍል ስለሆነ፣ ወደ ኩሬው የሚደርሰው ደለል ከማሳው አፈር ይልቅ በፎስፈረስ የበለጸገ ነው። የአፈር መከላትን ለመለካት እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ አንዲት ጥድ በሚባል ቦታ፣ ምርምር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ የሰሜን ሸዋ ቁልቁለት ምን ያህል አፈር እንደሚለቅ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም።

ሁለተኛው ነገር የመለኪያው ልዩነት ነው። ሰብል የሚፈልገው ፎስፈረስ በሄክታር በኪሎ ይቆጠራል፤ ሐይቅ የሚበላሽበት ግን በሊትር በማይክሮግራም ነው። በሰፊው በሚሠራበት መለኪያ መሠረት በሊትር ከ10 ማይክሮግራም በታች ጠቅላላ ፎስፈረስ ያለው ሐይቅ ንጹሕ፣ ከ35 በላይ የሆነው በምግብ የተጨናነቀ፣ ከ100 በላይ የሆነው ደግሞ ከልክ ያለፈ ይባላል። አሁን ስሌቱን እንይ። ኤንፒኤስ በሚባለው ማዳበሪያ የአንድ ኩንታል ከረጢት ላይ ያለው 38 የሚለው ቁጥር የፎስፈረስ ኦክሳይድ መጠን ነው፤ ወደ ንጹሕ ፎስፈረስ ሲመለስ 16.6 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ይህ ሁሉ ውሃ ውስጥ ቢገባ 470,000 ሜትር ኩብ የሚያህል ንጹሕ ውሃን ከ35 ማይክሮግራሙ መስመር ያደርሰዋል። ለማሳ ምንም የማይባል ብክነት ለግድቡ ትልቅ ዕዳ የሚሆነው ለዚህ ነው። በማሳ የሚያጥረንና በኩሬ የሚተርፈን አንድ ነገር ነው፤ ቦታውን ለቀቀ እንጂ አልበዛም።

የመረሬ አፈር ላይስ? በእነዋሪና በጅሩ ውሃውን ማንጣፈፍ ግድ ነው።

ግድ ነው፣ ማንም አታንጣፉ አይልም። በእነዋሪ አካባቢ ሰፊ መደብና ቦይ በእጅ የማውጣት የቆየ ልማድ ያለው መረሬ ውሃ ስለሚቋጥር ነው። ቁም ነገሩ ቦዩ የሚያበቃበት ቦታ ነው። የቦዩ አፍ በቀጥታ ወደ ኩሬ የሚተፋ ከሆነ ዳፑንም፣ ኤንፒኤሱንም፣ ደቃቁን አፈርም ለኩሬው ማድረስ ነው። ቦዩ መጀመሪያ ሣር በለበሰ ሜዳ ላይ ቢበተን አብዛኛው ደለል እዚያው ይቀራል። ማዳበሪያውን ከመበተን ይልቅ ከዘር ጋር በመስመር አፈር ውስጥ መቅበርም ብዙ ያተርፋል፤ የከፋ ብክነት የሚመጣው ማዳበሪያ ላይ ላዩን ተነስንሶ በማግስቱ ዶፍ ሲወርድ ነው።

ኩበት ስናነድ ፎስፈረሱ ከጭሱ ጋር ይጠፋል?

አይጠፋም። ከጭሱ ጋር የሚሄደው ናይትሮጅኑና ካርቦኑ ነው፤ ፎስፈረሱ አመዱ ውስጥ ይቀራል። የፎስፈረስን ጠባይ ለመረዳት ከምድጃ የተሻለ ማሳያ የለም፦ ይነዳል፣ ይጨሳል፣ ይከስላል፣ እሱ ግን አመዱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

የሚጠፋው አመዱ የሚደፋበት ቦታ ላይ ነው። ከብቱ ሣሩን ከሩቅ መስክ ይግጣል፣ እበቱ በረት ይወድቃል፣ ኩበቱ ቤት ይነዳል፣ አመዱ ጓሮ ይደፋል። በዚህ ምክንያት የጓሮው ጎመን ያምራል፣ የሩቁ ማሳ በየዓመቱ ይሳሳል። ደጋው ላይ ማገዶ ብርቅ ስለሆነ ኩበት አታንድዱ ማለት ቀልድ ነው። አመዱን ግን ወደ ውሃ መውረጃ ከመድፋት ይልቅ ከፍግ ጋር ቀላቅሎ ወደ ማሳ መመለስ ይቻላል፤ አመድ የአፈርን አሲድም ያበርዳል።

ፎስፈረስ ኩሬ ውስጥ ከገባ በኋላ ምን ይሆናል?

ብዙ ሰው የሚያስበው አንዴ ገብቶ፣ ዋቅላሚውን አብቅሎ፣ እንደሚያልቅ ነው። አያልቅም፤ ይሽከረከራል።

የተሟሟ ፎስፌት በተራበ ውሃ ውስጥ ብዙ አይቆይም። በጨረር አመንጪ ፎስፈረስ የተደረጉ ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ በበጋ ሐይቅ የላይኛው ውሃ ውስጥ አንድ የፎስፌት ቅንጣት በደቂቃዎች ውስጥ በባክቴሪያ ወይም በዋቅላሚ ይዋጣል። ዋቅላሚውን ጥቃቅን የውሃ እንስሳት ይበሉታል፣ እነሱን ዓሣ ይበላቸዋል፤ ሁሉም ሲያስወግዱና ሲሞቱ ፎስፌቱ ተመልሶ ይለቀቃል፣ እንደገናም ይዋጣል። አንዱ ቅንጣት በአንድ ወቅት ስንት ጊዜ ተበልቶ ስንት ጊዜ እንደሚወጣ መገመት ያስቸግራል።

የተወሰነው ይዘቅጣል። ወለሉ ላይ ኦክስጅን እስካለ ድረስ ዝገት የመሰለው ብረት ፎስፌቱን አጥብቆ ይይዘዋል፤ ጭቃው የተቆለፈ ጎተራ ይሆናል። ብዙ ዋቅላሚ ሞቶ ሲበሰብስ ግን ኦክስጅኑ ያልቃል፣ ብረቱ ጠባዩን ለውጦ ይሟሟል፣ ጎተራውም ይከፈታል። እንግሊዛዊው ክሊፎርድ ሞርቲመር ይህን እ.ኤ.አ. በ1941 እና በ1942 ባሳተማቸው ጥናቶች አብራርቶታል። ከአሮጌ ኩሬ ወለል የሚዛቅ ጭቃ ጥቁር ሆኖ የበሰበሰ እንቁላል ቢሸት፣ እዚያ ኦክስጅን እንደሌለ ያ ሽታ ይናገራል።

የደጋው ብርድ ደግሞ የራሱ ድርሻ አለው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ውርጭ በሚወርድበት ሌሊት የላይኛው ውሃ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ወደ ታች ይሰምጣል፤ የታችኛው ምግብ ያለበት ውሃ ይወጣል። በቢሾፍቱ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች ዓሣ በድንገት ሲሞት የታየው ኦክስጅን ያጣው የታችኛው ውሃ በዚህ ወቅት ሲገለበጥ ነው። ቆሮሶ ያረባችሁ ከሆነ ኩሬውን ማየት ያለባችሁ ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ዋቅላሚው ሌሊቱን ሙሉ ኦክስጅን ሲስብ አድሮ ውሃው ከሁሉ የሚደኸየው ያን ጊዜ ነው።

ላቦራቶሪው ፎስፌት የለም አለን፤ ኩሬው ግን አረንጓዴ ነው። ማን ተሳሳተ?

ማንም አልተሳሳተም። የተለካው የተሟሟው ፎስፌት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ዋቅላሚው ሆድ ውስጥ ነው። መጠየቅ ያለበት ‹ጠቅላላ ፎስፈረስ› ነው፤ ናሙናው በአሲድ ተፈጭቶ ውስጡ ያለው ሁሉ ከወጣ በኋላ የሚለካው ማለት ነው። ናሙና ከመውሰዳችሁ በፊት የትኛው እንደሚለካላችሁ ጠይቁ፤ አለበለዚያ ገንዘቡም ድካሙም ለከንቱ ነው።

ያለ ላቦራቶሪ ምን ማየት እንችላለን?

ሁለት ነገር። ነጭ ሰሐን በገመድ አስራችሁ፣ ከሥሩ ድንጋይ አንጠልጥላችሁ፣ ወደ ውሃው አውርዱትና ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት ለኩ። ጣሊያናዊው አንጀሎ ሴኪ እ.ኤ.አ. በ1865 የጀመረው ዘዴ ነው፤ ሐይቅ አጥኚዎች ዛሬም አልተዉትም። በየወሩ በአንድ ቦታ፣ በተመሳሳይ ሰዓት መለካት ነው ቁም ነገሩ።

ሰሐኑ ግን ጭቃን ከዋቅላሚ አይለይም። ለዚያ የሃይላንድ ፕላስቲክ ይበቃል። ጓንት አጥልቃችሁ ሦስት አራተኛውን በኩሬው ውሃ ሙሉት፣ ክዳኑን አላልታችሁ ክደኑ፣ ሳትነቀንቁ አሳድሩት። ጠዋት ላይ ቡናማው ታች ከዘቀጠና ውሃው ከጠራ ደለል ነበር። አረንጓዴው እንደ ቀለም ፍንጣቂ ከላይ ተሰብስቦ የፕላስቲኩን አንገት ከከበበ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይኖባክቴሪያ ነው፤ ሕዋሶቹ ውስጥ የአየር ከረጢት ስላላቸው ይንሳፈፋሉ። ሙከራው ዓይነቱን እንጂ መርዙን አይነግርም።

አረንጓዴ ውሃ ከብት ቢጠጣው ጉዳት አለው? ቢፈላስ?

አረንጓዴ ሁሉ መርዝ አይደለም። አንዳንድ ሳይኖባክቴሪያዎች ግን ጉበትን ወይም ነርቭን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫሉ፤ ነፋስ ወደ ዳር የገፋውን አረንጓዴ ሽፋን የጠጣ ከብት፣ በግ ወይም ውሻ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ከኩሬው ከጠጡ በኋላ እንስሳት ቢንገዳገዱ ወይም ቢወድቁ መንጋውን ወዲያው ከዚያ አርቃችሁ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ይህን መርዝ ግን አያጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን መርዙ ይጠነክራል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 በአሜሪካ ቶሌዶ ከተማ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የቧንቧ ውሃ እንዳይጠጣ ሲከለከል፣ እንዳያፈላውም የተነገረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ምንጩ በኢሪ ሐይቅ የበዛ ሳይኖባክቴሪያ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ለማይክሮሲስቲን፣ ከእነዚህ መርዞች በጣም ለሚታወቀው፣ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 1 ማይክሮግራም ነው። አረንጓዴ ሽፋን የሚንሳፈፍበትን ውሃ ለሰው መጠጥ አትቅዱ።

ከእኛ የሚወርደው ጣናን ይጎዳል?

አይደርስበትም። በረሳና ጫጫ ወደ ጀማ ይገባሉ፣ ጀማም ዓባይን የሚቀላቀለው ከጣና በጣም ርቆ ነው። የእኛ ደለል የሚያርፈው የሕዳሴ ግድብ ባቆመው ውሃ ነው። በምሥራቁ ገደል የሚወርዱት፣ ከሰምን የመሳሰሉት፣ ወደ አዋሽ ያመራሉ። በጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 የታየው እምቦጭ የሌላ ተፋሰስ ጉዳይ ነው፤ በምግብ የበለጸገ ውሃ መውደዱ ግን ያው ነው።

መድኃኒት የለውም? የገብስ ገለባ ይረዳል ሲባል ሰምተናል።

የገብስ ገለባው ወሬ ከእንግሊዝ የመጣ ነው። ገለባው ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ አንዳንድ ዋቅላሚዎች እንዳይበቅሉ ያግዛል ይባላል፤ የሙከራዎቹ ውጤት ግን አንድ ዓይነት አይደለም፣ የበቀለውንም አይገድልም። በመንዝና በደብረ ብርሃን ዙሪያ የገብስ ገለባ የበጋ መኖ ነው። ከብቱ አፍ ነጥቆ ኩሬ ውስጥ መጣል አይመከርም።

የመዳብ ጨው ዋቅላሚውን ይገድላል፤ ሕዋሱ ሲፈነዳ ግን መርዙ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፣ ፎስፈረሱም እዚያው ይቀራል። አልም የሚባለው የአሉሚኒየም ጨውም ፎስፌትን አስሮ ያዘቅጣል፤ ነገር ግን በባለሙያ ስሌት ካልሆነ ውሃውን አሲድ ያደርገዋል፣ የላይኛው ጎርፍ ካልቆመም በየጥቂት ዓመቱ መደገም አለበት።

ታዲያ ከምን እንጀምር?

ከከብቱ። ከብት ኩሬ ውስጥ ገብቶ ሲጠጣ እበቱን ይጥላል፣ ይሸናል፣ ወለሉን ይረግጣል። ዙሪያውን በእሾህ ወይም በግንብ አጥሮ ውሃውን በቧንቧ ወይም በቦይ ወደ ውጭ ገንዳ ማውጣት በርካሽ ብዙ ለውጥ ያመጣል። ቀጥሎ ከኩሬው በላይ ያለው መሬት ነው፦ እርከኑ ይጠገን፣ ዳሩ በሣር ይሸፈን። የመንዝ ሰው ጓሳን ለዘመናት ጠብቆ ሣር በለበሰ መሬት ላይ ውሃ እንዴት ጠርቶ እንደሚወርድ ያሳየን ስለሆነ ይህን ከውጭ መማር አያስፈልግም። መጸዳጃ ቤትም ከውሃው ይራቅ፤ አንድ ሰው በዓመት ግማሽ ኪሎ ያህል ፎስፈረስ ያስወግዳል።

ከሁሉ የምወደው ግን ጭቃውን መዛቅ ነው። ውሃው በሚጎድልበት በሚያዝያና በግንቦት ከወለሉ የሚወጣው ጭቃ ከማሳ የተሰረቀ አፈር ነው፤ ደርቆ ወደ ማሳው ሲመለስ ኩሬው ጥልቀት ያገኛል፣ ጎተራው ባዶ ይሆናል፣ ማሳውም የራሱን ይቀበላል። ከከተማ ወይም ከፋብሪካ ፍሳሽ በታች ያለ ኩሬ ከሆነ ግን ጭቃው ሳይመረመር ማሳ ላይ አይበተን፤ ከባድ ብረት ሊኖርበት ይችላል።

ጎርፉንና ከብቱን ከከለከልን በስንት ጊዜ ይጠራል?

እንደ ወለሉ ነው። በሲያትል ያለው ዋሽንግተን ሐይቅ፣ የከተማው ፍሳሽ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1968 ባለው ጊዜ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲመለስ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠርቷል፤ ጥልቅ ስለሆነና ብክለቱ ብዙም ስላላረጀበት ነው። ጥልቀት የሌላቸው፣ ለብዙ ዓመታት ጭቃ ያጠራቀሙ ሐይቆች ግን ከወለላቸው እየለቀቁ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይቆያሉ። የቀበሌ ኩሬ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ ትንሽ ስለሆነ ወለሉን በአካፋና በዶማ መድረስ ይቻላል። ካልተዛቀ ግን በመጀመሪያው ዓመት ጥቅምት ላይ እንደገና አረንጓዴ ብታዩ አጥሩ አልሠራም ብላችሁ አታፍርሱት፤ እስከ ሁለተኛውና ሦስተኛው ክረምት በሰሐኑ እየለካችሁ ጠብቁ።